አስራ አራት አልጋ የነበራቸው ሰው

ጋሽ ደምሴ ማረፋቸውን የሰማሁት መሪ ሰፈር፣ አንድ አዲስ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ቆሜ ነው። ልጄ ከሰፊ የኪራይ ቤት ወጥታ ኮንዶሚኒየም ልትገባ ነበርና ለተረፋት ዕቃ ክፍል ልትከራይ፣ የአንቺ ዓይን አይሳሳትም ነይና እይልኝ ብላ ይዛኝ መጣች። እንዲህ ያለው የዕቃ ማስቀመጫ አሁን በየሰፈሩ እየፈላ ነው። ወሰን ሰፈር ጋራዦቹ መሃል አለ፣ መሪም አለ፣ ነገ ደግሞ እኛ ደጃፍ ይከፈታል። ቤቱ እየጠበበ ዕቃው እየበዛ ሄደ፤ ሰው ምን ያድርግ።

ክፍሎቹን የምታሳየን ሴት ትሁት ነች። ረጅም ኮሪደር ይዛን ገባች። ግራና ቀኝ ቁጥር የተጻፈበት የብረት በር ተደርድሯል። «ቁልፉ የእርስዎ ብቻ ነው ማዘር» አለችኝ። «ምን እንዳስቀመጡ ማንም አይጠይቅዎትም። እኛም አናውቅም።» ይህን የነገረችኝ እንደ ትልቅ ምስጋና ነው። በዚህ መሃል ስልኬ ጮኸ። ብርቄ ነበረች፣ የየካ የድሮ ጎረቤቴ። ጋሽ ደምሴ ትናንት ምሳ በልተው ጋደም እንዳሉ አልፈዋል፣ ቀብሩ ነገ ነው አለችኝ። ዘጠና ዓመት አልፏቸዋል፤ የሚያስደነግጥ ሞት አልነበረም። ግን ባዶው ክፍል ውስጥ ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አልኩ።

ልጄ ክው አለች። ሴትየዋ ውሃ ይዛ መጣች፤ ክፍሉ ጠቦኝ የታመምኩ መስሏት፣ ይሄ ሥራ ለአገራችን አዲስ ስለሆነ ሰው ገና አልለመደውም ብላ አጽናናችኝ። አዲስ አለች! አይ የኔ ልጅ። አንቺ ሳትወለጂ፣ በደርግ ጊዜ፣ የካ ተራራ ግርጌ አንድ ሰው ይህንኑ ሥራ ያለ ቁልፍና ያለ ቁጥር ሠርተውታል ልላት ነበር። ውሃውን ጠጥቼ ተነሳሁ። የሰው ሥራ ቦታ ቁጭ ብሎ ታሪክ ማውራት ደስ አይልም። እናንተ ግን ጊዜ ካላችሁ ልንገራችሁ።

የእኛ ሰፈር መንደሩ ከባህር ዛፉ ጋር የሚገናኝበት ዳገት ላይ ነበር። ከዚያ በላይ ያለው ጫካ ብቻ ነው፤ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ጎንበስ ብለው የሚወርዱበት ቀጭን መንገድ አለ። መንገዱ ዳር ረጅም የድንጋይ መጋዘን ቆሟል። ባለቤቱ ጣውላ ነጋዴ ነበር። ጋሽ ደምሴ ደግሞ የመጋዘኑ ጠባቂ ሆነው ብዙ ዓመት ኖረዋል። ረጅም፣ ትንሽ ጎበጥ ያሉ፣ ከትከሻቸው ጋቢ የማይጠፋ ሰው ነበሩ። ሲናገሩ ቀስ ይላሉ። አንዳንዴ ዓረፍተ ነገሩን መሃል ላይ ትተው ወደ ጫካው ያያሉ፤ የቀረውን ቃል ከዚያ የሚጠብቁ ይመስላሉ። ሚስትም ልጅም አልነበራቸውም።

ነጋዴው አብዮቱ እንደፈነዳ አገር ጥሎ ሲሄድ መጋዘኑን በጋሽ ደምሴ ስም አዙሮላቸው ሄደ። ቀደም ሲል ደግሞ አስፋልቱ ዳር ባለ ሁለት ክፍል ጥሩ ቤት ሰጥቷቸው ነበር። ከዚያ የትርፍ ቤት አዋጅ መጣ። ለአንድ ሰው አንድ ቤት፣ የቀረው ለመንግሥት። ጋሽ ደምሴ መምረጥ ነበረባቸው። ሊሾውን፣ ኮርኒሱን፣ የቧንቧ ውሃውን ትተው መጋዘኑን መረጡ። ሰፈሩ በሳቅ ሞተ። እናቴ ሳይቀር ሰውየውን ነክቷቸዋል እንዴ ብላ አዘነችላቸው። ለምን እንደዚያ አደረጉ ሲባሉ የመለሱት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ቤታችን ተቀነሰ። ዕቃችን ግን አልተቀነሰም። የት ይግባ?»

እውነታቸውን ነበር። በዚያ ሰሞን የከተማውን መንገድ ያያችሁ ታስታውሳላችሁ። አስር ክፍል የነበረው ሰው ሁለት ክፍል ውስጥ ገብቶ፣ ቡፌው በር አላስገባ ብሎት ደጅ ቆሞ ዝናብ ይመታዋል። ቁም ሳጥን አጥር ተደግፎ ያድራል። የመጀመሪያዋ ደንበኛ ሾላ በኩል የነበሩ አንዲት ወይዘሮ ናቸው፤ ቡፌያቸውን በጋሪ አስጭነው እያለቀሱ መጡ። ጋሽ ደምሴ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱላቸው። ከዚያ በኋላ ወሬው በራሱ እግር ሄደ።

ደረሰኝ የሚባል ነገር አልነበረም። ሰው ዕቃውን ሲያስገባ ጋሽ ደምሴ ፊት ለፊት ያቆሙትና ዓይኑን ትክ ብለው ያዩታል። ደቂቃ ሙሉ። ሰው ይጨንቀዋል፣ አንዳንዱም ያፍራል። ሲጨርሱ «አይቼዎታለሁ» ይላሉ፤ በቃ፣ ወረቀቱ ያ ነው። እኔ ታይፕ ተምሬ ስለነበር የሰለጠንኩ መስሎኝ፣ ጋሽ ደምሴ ዝርዝር ልጻፍልዎት እንጂ፣ ቢጠፋስ ብዬ ነዘነዝኳቸው። ወረቀት ላገኘው ሁሉ ይናገራል አሉኝ። ያኔ ነገሩ አልገባኝም ነበር። ትንሽ ቆይቶ ግን የሰው ስም የተዘረዘረበት ወረቀት እንዴት እንደሚያስፈራ ሁላችንም አወቅን።

ስለ መጋዘኑ ውስጥ ሳስብ እስካሁን ሕልም ይመስለኛል። ስትገቡ ዓይናችሁ እስኪለምድ ጨለማ ነው። ከዚያ ከቆርቆሮው የሚስማር ቀዳዳ የሚገባው ፀሐይ ወለሉን ነጠብጣብ አድርጎት ታያላችሁ። የባህር ዛፍና የናፍታሌን ሽታ አለ፣ ከዚያ ሥር ደግሞ የሌላ ሰው ቤት ሽታ። ጋሽ ደምሴ ዕቃ አይከምሩም። የእያንዳንዱን ቤተሰብ ዕቃ እንደ ቤት ነበር የሚያሰናዱት፤ ምንጣፉን ያነጥፋሉ፣ ጠረጴዛውን መሃል፣ ወንበሮቹን ዙሪያውን። ግድግዳ ብቻ የላቸውም። ከአንዱ ሳሎን ወደ ሌላው መኝታ ቤት በአንድ እርምጃ ትሻገራላችሁ። መስታወቶቹ ፊት ለፊት ስለሚተያዩ፣ ስሄድ ሌላዋ እኔ፣ ሌላ አልማዝ፣ ከፊቴ ቀድማኝ ስታልፍ አያለሁ። ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው የራሴን እርምጃ እንኳ መስማት ያቅተኝ ነበር። በነዚያ ባዶ ሳሎኖች መሃል ሳልፍ ሳላስበው «ደህና ዋላችሁ» እላለሁ። ጋሽ ደምሴ አይስቁብኝም። እሳቸውም ይሉ ነበር።

በሳምንት አንድ ቀን መሳቢያ ሁሉ ይከፈታል፣ ነፋስ እንዲገባው። አከፋፈታቸውን ብታዩ። መሳቢያውን እየሳቡ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። ሰዓት ያህል ክፍት አድርገው ይቆዩና እንደዚያው ፊታቸውን አዙረው በዳበሳ ይዘጉታል። አንድ ቀን እኔ ልዘጋ እጄን ስሰድ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይኔን ሸፈኑት፣ እየሳቁ። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድም መሳቢያ ውስጥ ምን እንዳለ ያዩ አይመስለኝም። የባለቤቶቹን ፊት ግን አንድም አይስቱም።

መስከረም ሲጠባ ደግሞ ዕቃው በሙሉ ወደ ሜዳው ይወጣል፣ የክረምቱን እርጥበት ፀሐይ እንዲያወጣለት። ሰፈሩ ተጠራርቶ ያግዛል። ያን ቀን ያላየ ሰው ምን ብዬ ላስረዳው። ዳገቱ በሙሉ ቤት ይሆናል። ሣሩ ላይ ቡፌ፣ ሣሩ ላይ ሶፋ፣ የስምንት ሰው ጠረጴዛ ከነወንበሩ። በቁም ሳጥኖቹ መስታወት ውስጥ ደመና ቀስ እያለ ያልፋል። እኛ ቁጭ ብለን እሱን እናያለን፣ አንዱ መስታወት ውስጥ ገብቶ ከሌላው ሲወጣ። እንጨት ተሸካሚዎቹ ሲወርዱ ጋሽ ደምሴ አስቁመው ሸክማቸውን ያስወርዷቸውና ከፋይ ሶፋው ላይ ያስቀምጧቸዋል። ሴቶቹ መጀመሪያ ጫፉን ብቻ ይዘው ይቀመጣሉ። ቆይተው ደገፍ ይላሉ። አንዷ እንቅልፍ ወስዷት፣ አፏን ከፍታ፣ ፀሐይ ፊቷ ላይ፣ ማንም ሳይቀሰቅሳት ስትተኛ አይቻለሁ። ሰው ያልተቀመጠበት ወንበር ጠባዩ ይበላሻል ነበር የሚሉት ጋሽ ደምሴ።

ከዚያ አሰሳው መጣ፣ የቤት ለቤት ፍተሻው።

ወንድሜ ዳዊት አስራ ሰባት ዓመቱ ነበር። አንድ ጠዋት የጫማውን ክር አጥብቆ አስሮ ወጣ፣ አልተመለሰም። ጫካ ገባ የሚሉ ነበሩ፣ ሌላ ሌላም የሚሉ ነበሩ። እናቴ ቀበሌው ቤተሰብ ሲመዘግብ ሁለት ነን፣ እኔና ልጄ አልማዝ ብላ አስመዘገበች። ከዚያ ወዲህ ስሙ ቤታችን ውስጥ አልተጠራም። መጀመሪያ «እሱ» እንል ነበር፤ በኋላ እሱንም ተውነው። አልጋው ግን አለ። ሰማያዊ ቀለም የተቀባ የብረት አልጋ ነው፤ ራስጌው ላይ በልጅነቱ በሚስማር ስሙን ፍቆ ጽፎበታል። እናቴን ፍቀን እናጥፋው ብላት፣ እጄን ቁረጪው አለችኝ።

አሳሾቹ ደግሞ አልጋ ይቆጥራሉ። መሣሪያና ወረቀት ካጡ በኋላ አልጋ ነው የሚቆጥሩት። ከታችኛው መንደር አንድ አባት፣ ሦስት ሰው ነን ብለህ አራት አልጋ ምንድነው፣ አራተኛው ሰው የት ሄደ ተብለው ተወሰዱ። ይህን በሰማን ማግስት እናቴና እኔ የዳዊትን አልጋ ፈታታነው። በጠራራ ፀሐይ፣ እሷ ራስጌውን እኔ ግርጌውን ይዘን፣ ለአላፊ አግዳሚው ሰላምታ እየሰጠን፣ ትኋን ገብቶበት ነው፣ ፀሐይ ልናስመታው ነው እያልን ዳገቱን ወጣን። ጋሽ ደምሴ ምንም አልጠየቁም። እናቴን ትክ ብለው አዩዋት። ከወትሮው ረዘም አለብኝ። «አይቼዎታለሁ፣ እትዬ የሺ» አሏት።

ዞር ስል ነው ያስተዋልኩት። ከግድግዳው ሥር፣ ከሳሎኖቹ ሁሉ ኋላ፣ አልጋዎች ተደርድረዋል። የባልና ሚስት አልጋ አይደሉም። ጠባብ ጠባብ ናቸው፣ የወጣት አልጋ። አንዱ ላይ ብርድ ልብሱ ሳይቀር በስርዓት ታጥፎ ተቀምጧል። የእኛ ዘጠነኛ ነበር። ለካ እኛ ብቻ አይደለንም። ከዚያ ወዲህ ገበያ ላይ የሰፈሩን እናቶች ሳይ የማንኛዋ አልጋ እዚያ እንዳለ በልቤ እጠይቅ ነበር። ቁጥሩ በኋላ አስራ አራት ደረሰ።

የኔን ነገር በአጭሩ ልናገርና ልለፈው። ታይፕ ስለምችል ቀበሌ ጸሐፊ ሆንኩ። ሊቀመንበራችን አውሬ አልነበረም፤ ዝርዝር የሚወድ ሰው ነበር። ያልተጻፈ ነገር ካየ ያመዋል። አንድ ቀን ለኅብረት ሱቁ እህል ማከማቻ የሚሆን ቤት ሲፈልግ የጋሽ ደምሴ መጋዘን ትዝ አለው። ማስለቀቁ ቀላል ነበር። ግን በመጀመሪያ ውስጥ ያለው ዕቃ አንድ በአንድ ከነባለቤቱ ስም ይመዝገብ፣ ባለቤቱም እየተጠራ ለምን ዕቃውን ከቤቱ እንዳወጣ ያስረዳ ብሎ ወሰነ። የምመዘግበው እኔ ነኝ። ለእናቴ ምሳ ሰዓት ላይ ነገርኳት። ነጠላዋን ለበሰች፣ መልሳ አወለቀች፣ እንደገና ለበሰች። አልጋውን ልናወጣ ብንልም ከጠዋት ጀምሮ በሩ ላይ ሁለት ጠባቂ ቆሟል። አስራ አራት እናት በአንድ ሳምንት ውስጥ ቀበሌ ተጠርታ፣ የዚህ አልጋ ልጅ የት አለ ልትባል ነው። አንዷ የኔ እናት ናት። ጥሪውንም ታይፕ የማደርገው እኔው ነኝ።

ከሰዓት በኋላ ሄድን። ሊቀመንበሩና እኔ ከነመዝገቤ፤ ሁለቱ ጠባቂዎች እዚያው በሩ ላይ ተቀላቀሉን። መዝገቡን ደረቴ ላይ አጥብቄ ይዤዋለሁ። ጋሽ ደምሴ በሩ ላይ ተቀበሉን። እኔን እንደማያውቁ ሆነው አለፉኝ።

ሊቀመንበሩ ከቡፌው ጀመረ። «ይሄ የማን ነው?»

«የኔ» አሉ ጋሽ ደምሴ።

ጻፍኩ። ወደ ጠረጴዛው ሄደ። የኔ። ወደ ሶፋው። የኔ። ቁም ሳጥኑ፣ ሁለተኛው ቁም ሳጥን፣ ሦስተኛው። የኔ፣ የኔ፣ የኔ። የልብስ ስፌት መኪናዋም የእሳቸው፣ የሕፃን ጋሪውም የእሳቸው። ሊቀመንበሩ መጀመሪያ የሰማ አልመሰለውም፣ ቀጥሎ ተቆጣ፣ ከዚያ ደግሞ ነገሩ ደስ ይለው ጀመር። ዘጠኝ መስታወት ምን ያደርግልሃል ጓድ ደምሴ ሲላቸው፣ ጌታዬ ጓድ፣ አንዱ ሽማግሌ ነህ ሲለኝ ሌላውን ልጠይቅ እሄዳለሁ ብለው መለሱለት። ጠባቂዎቹ ሳቁ። እኔ ግን ወደ ግድግዳው እየቀረብን መሆኑን ነው የማየው።

አልጋዎቹ ጋ ደረስን። ሊቀመንበሩ በጣቱ እየጠቆመ ቆጠረ። ሲያስብ አየሁት፤ ነገሩ ሊገባው አንድ ስንዝር ነበር የቀረው። ያን ጊዜ ጋሽ ደምሴ ቀስ ብለው ሄደው ሰማያዊው አልጋ ላይ ቁጭ አሉ። ደከማቸው አልኩ። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው እንደዋዛ ራስጌው ላይ ጣሉት። በሚስማር የተፋቀው የዳዊት ስም ከጋቢው ሥር ገባ።

«አስራ አራት አልጋ ለአንድ ሰው?» አለ ሊቀመንበሩ።

«እንቅልፌ አይረጋም» አሉ ጋሽ ደምሴ። «እዚህ ስተኛ እዚያ ያለው ይናፍቀኛል። እየዞርኩ ነው የምተኛው።»

ጠባቂዎቹ በሳቅ ፈረሱ። ሊቀመንበሩም ሳያስበው ሳቀ፣ ያሰበውም ነገር በዚያው ጠፋበት። ሳቁን ሲጨርስ ግን ፊቱ ጠቆረ። ሕዝቡ መሬት ላይ እየተኛ አንድ ሰው አስራ አራት አልጋ አከማችቷል፤ ንብረት ማከማቸት ማለት ይሄ ነው፣ ጻፊው አለኝ። ጻፍኩት። በገዛ እጄ። የአልጋዎቹን ቁጥር ጻፍኩ፣ ከፊት ለፊቱ አስራ አራት ጊዜ «ደምሴ» ብዬ ጻፍኩ፤ እሳቸውም ጋቢያቸውን እዚያው ትተው ከጠባቂዎቹ ጋር ወጡ። በመስታወቶቹ መሃል ሲያልፉ ብዙ ጋሽ ደምሴ ሆነው ነው የወጡት። አንዳቸውም ዞር ብለው አላዩኝም።

ዘጠኝ ወር ታሰሩ። የዕቃውን ባለቤቶች ስም እንዲናገሩ ተጠይቀዋል፤ ምን እንዳደረጓቸው አንድም ቀን ነግረውን አያውቁም። የማውቀው ማንም እናት አለመጠራቷን ነው። በየቀኑ ታይፕ የማደርገውን የጥሪ ወረቀት እያየሁ የእናቴን ስም እጠብቅ ነበር። አልመጣም። በየሳምንቱ ቅዳሜ ከዕቃ አስቀማጮቹ አንዱ ምሳቸውን ይዞ ይሄዳል፤ ማን መቼ እንደሚሄድ የተነጋገረ ሰው የለም፣ ተራው ግን አይሳሳትም ነበር። ዕቃው ተወርሶ ለየቤቱ ተከፋፈለ፣ አልጋዎቹ በመኪና ተጭነው ሄዱ። የት እንደሄዱ እኔም ጸሐፊዋ አላወቅኩም። መጋዘኑ ውስጥ የስንዴ ማዳበሪያ ተደረደረ።

ሲፈቱ ከስተው ነበር። ግራ እጃቸው ጣቶቹ አይታጠፉም። መጋዘኑ ተወስዶባቸዋል፣ አስፋልቱ ዳር የነበረው ቤታቸው ሌላ ሰው ይኖርበታል። ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ባሻገር፣ ጫካው ውስጥ የምትኖር እህታቸው ዘንድ ገቡ። እኔ ከእፍረት የተነሳ ልጠይቃቸው አልሄድኩም። ጸሐፊዋ ነኝ፣ ምን ፊት ይዤ። ያን ዓመት ሙሉ ስለራሴ ደህና ነገር አስቤ አላውቅም።

ዳዊት እንዳልተመለሰ ከወዲሁ ልናገር፤ ማንም ከኔ ጋር ቁጭ ብሎ እንዲጠብቅ አልፈልግም። እናቴ ግን እስክትሞት ጠበቀች። ከዚህ በታች የምነግራችሁ የሆነው ጋሽ ደምሴ ከተፈቱ በሳምንቱ፣ እሑድ ረፋድ ላይ ነው። አሰሳው ከበረደ ቆይቷል፣ ሰው ግን ገና ድምፁን ከፍ አድርጎ አያወራም።

እናቴ ደጃፉ ላይ ምስር ትለቅማለች። ጋሽ ደምሴ ዳገቱን ወርደው መጡ። ግቡ ብትላቸው እምቢ አሉ። ባዶ ትከሻቸውን አየሁና ጋቢያቸው ትዝ አለኝ።

«እትዬ የሺ» አሉ፣ «አደራዎን አላቆየሁም። አልጋዋ የለችም። ይቅር ይበሉኝ።»

እንዲህ ብለው ሊንበረከኩ ጎንበስ አሉ። እናቴ ሰፌዱን ጥላ ተነሳች፣ ምስሩ ተበተነ፣ በሁለት እጇ ትከሻቸውን ይዛ ቀና አደረገቻቸው። እኔ ነኝ አልቻል ያልኩት። ጋሽ ደምሴ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ በእጄ የጻፍኩት እኔ ነኝ እያልኩ ተንሰቀሰቅኩ። ወደኔ ዞሩ። መጋዘኑ ውስጥ ያላዩኝን ያኔ አዩኝ።

«ያልኩሽን ነው የጻፍሽው» አሉኝ። «ሌላ ብትጽፊ ኖሮ ነበር የምቀየምሽ።»

ከዚያ ከኪሳቸው አንድ ጥቅል ሲባጎ አወጡ። እህታቸው ቤት አጠገብ የተቆረጠ ደህና ግንድ አለ፣ እጄ ቢዘገይም መጋዝ ይይዛል፣ የሁሉንም ቤት አልጋ አንድ በአንድ ሠርቼ እመልሳለሁ አሉ። አስራ አራቱን ለመጨረስ ሁለት ዓመት ፈጅቶባቸዋል፤ ያን ቀን ግን ማንም ያደርጉታል ብሎ አላመነም። የመጀመሪያዋ ቤት የእኛ ነበረች። ሲባጎውን በደህናው እጃቸው እየፈቱ እናቴን ጠየቋት።

«የልጅዎ ቁመት ምን ያህል ነበር?»

ዳዊት ከሄደ ወዲህ ስለሱ የጠየቃት ሰው አልነበረም። አንድም ሰው። የሚያውቁን ስለፈሩልን፣ የማያውቁን ስለማያውቁ። እናቴ እንደልማዷ በመጀመሪያ ወደ በሩ አየች። በሩ ክፍት ነው፣ ጎረቤት ያልፋል። አልዘጋችውም። ወደ መቃኑ ሄዳ ጀርባዋን አስጠግታ ቆመች። እጇን ከራሷ በላይ አነሳች። ትንሽ ዝቅ አደረገችው፣ ተጠራጠረች፣ መልሳ ከፍ አደረገችው። ዓይኗን ጨፍና ነበር።

«ዳዊት እዚህ ጋ ይደርሳል» አለች። ጮክ ብላ ነው ያለችው፣ ቀበሌው ቢሰማ ግድ የሌላት ሰው ሆና።

ጋሽ ደምሴ ሲባጎውን ከመሬቱ እስከ እጇ ወጥረው ለኩ። ልኩ ላይ ቋጠሮ ቋጠሩ። ወደ ኪሳቸው ሊመልሱት ሲሉ እናቴ ሲባጎውን ያዘችባቸው።

«ትንሽ ይጨምሩበት ጋሽ ደምሴ» አለች። «አስራ ሰባት ዓመቱ ነበር። ከሄደ ወዲህ ያድጋል እኮ።»

ጋሽ ደምሴ ቋጠሮውን በጥርሳቸው ፈቱት። አንድ ስንዝር አልፈው እንደገና ቋጠሩት።